ኮሎኒያል ቢች ላይ ያልወረደው መርከበኛ

ጋሽ ይገዙን ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የሚያውቀው «መርከበኛው» በሚል ስም ነው። በእኛ ሰፈር ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሽማግሌ የሚንከባከብ ሞልቷል፤ መርከበኛ ግን ከሪቨርዴል ፓርክ እስከ በርክ ቢፈለግ እሱ ብቻ ነበር። የት እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ፕሮፌሰር መስሎት ከወንበሩ የተነሣለት ሰው ብዙ ነው። ቀጥሎ «ከባሕር ውሃና ጭቃ እናወጣለን» ሲል የተነሣው ሰው ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

መርከቧ «ኤድና ሃርት» ትባል ነበር። ሁለት አውቶቡስ ጫፍ ለጫፍ ቢቆም የምታክል፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀባች የዩኒቨርሲቲ የምርምር መርከብ ናት። ኑሮዋ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና የፖቶማክ ወንዝ የታችኛው ክፍል፣ የወንዙ ውሃ ከባሕሩ ጨው ጋር የሚደባለቅበት አካባቢ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰመር ላይ ከላይ ሲያዩት ያማረው ውሃ ከታች አየር አጥሮት ዓሣ የሚታፈንበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ጋሽ ይገዙ ዊንቹን፣ ገመድ የሚጠቀልለውን ማሽን፣ ይዞ ጠርሙሶች ዙሪያውን የታሰሩበትን ብረት ወደ ውሃ ያወርዳል፣ ያወጣል፤ መርከቧ ወደብ ስትደርስ ገመድ ይወረውራል፤ ተማሪዎቹ ማዕበሉ ሲያስመልሳቸው ትከሻቸውን ይይዛል። ሥራውን ይወድ ነበር። ለሳምንት ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ከስሎ፣ ከሠርግ የመጣ ሰው ይመስል ነበር።

ባሕርን የለመደው ምፅዋ ነው። ከደብረ ብርሃን በልጅነቱ ወጥቶ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። ደርግ ሲወድቅ ባሕር ኃይሉ ተበተነና እሱም ከአሰብ በወጣች መርከብ የመን ገባ። እሱ እዚያ ስደተኛ ካምፕ ተቀምጦ ሩዝ ሲቀበል ደብረ ብርሃን የደረሰው ወሬ ሌላ ነበር። መርከቧ ሰጥማለች፣ ይገዙም ሞቷል ተባለ።

ወሬው የደረሰው ለታላቅ እህቱ ለእትዬ እታለማሁ ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ሽማግሌዎች በማለዳ በሯን አንኳኩተው መርዶውን ነገሯት። ፀጉሯን ተላጨች፣ ለቅሶ ተቀመጠች፣ አርባውን አወጣች፣ ተዝካሩን ደገሰች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ጎረቤት ቤት ስልክ አለሽ ተባለች። ብታነሣው የሞተው ወንድሟ «እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» አላት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ፣ እሷም ተከትላው ወደቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ መርከብና ስልክ የሚባል ነገር ጠምዳ ያዘች።

እሱ ከየመን ቀድሞ አሜሪካ ገባ፤ እሷ ደግሞ ዲቪ ደርሷት በፈረንጆቹ 2001 ተከተለችው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው አብረው መኖር ጀመሩ። እኔ ማርያማዊት ከአባቴ ጋር ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ እኖር ነበር። አባቴ አቶ ወልደአምላክ የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሳይደወልላቸው ከቀረ ይቀየማሉ።

ጋሽ ይገዙ ያኔ አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። ጋራዡ ለወንዙ ቅርብ ስለሆነ በእረፍት ሰዓቱ እየወጣ ጀልባ ያያል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ መርከቧን አሌክሳንድሪያ አምጥቶ ለሕዝብ ያስጎበኛል። በአንዱ ቅዳሜ ወጣና ካፒቴኗን ሥራ ጠየቃት። ሎሬታ ትባላለች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ስልክ ቁጥሩን ተቀበለችው፤ በዓመቱ፣ በ2004፣ ሰው ጎደለባትና ጠራችው።

እትዬ እታለማሁ ስትሰማ «ባሕር አንዴ ገድሎህ አልበቃህም?» አለችው። ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችውም። ከዚያ በኋላም መርከቧን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ያቺ ቆርቆሮ» ነበር የምትላት። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ «ወደ ቆርቆሮህ ነህ?» ትለዋለች፤ ሲመለስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሰው ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ እግሩም እጁም እንዳለ ስታረጋግጥ ምሳ ታቀርባለች።

የሱ ምኞት አንድ ነበር። ያቺን የመስከረም ቅዳሜ እህቱ መጥታ፣ መርከቧ ላይ ወጥታ፣ ቆማ እንድታየው ይፈልግ ነበር። ሞቶ ያስለቀሳት ባሕር ላይ ደህና ሆኖ ሲሠራ በዓይኗ ካየች ፍርሃቷ የሚለቃት መስሎታል። በየዓመቱ ይለምናታል፣ በየዓመቱ ሰበብ ታመጣለች። አንዱን ዓመት ጉልበቴ አለች፤ ሌላውን ዓመት ማኅበር አለብኝ አለች፤ ሦስተኛውን ዓመት ዓይንህ ላፈር ብላ ሰበብ መፈለጉንም ተወችው።

በ2008 ግን እሺ አለች። ስኳሯ ጠንቶባት፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ ታርፍ ነበርና ነገሩን ማቆየት አልፈለገችም መሰለኝ። «ልየውና ይውጣልህ» አለችው። ጋሽ ይገዙ የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። የማያንሸራትት ጫማ ገዛላት። መርከቧ ላይ ላሉት ሁሉ እህቴ ትመጣለች ብሎ ነገረ፤ ካፒቴኗም ኬክ እንዲጋገር አዘዘች። እሑድ ዕለት ለሳምንቱ ሥራ ሲወጣ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «ቅዳሜ እንዳታስረፍጃት፣ መኪናሽ ምቹ ናት» ብሎ አደራ አለኝ።

ሰኞ ምሽት እትዬ እታለማሁ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ከእሷ ጋር ሆቴል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራው ጓደኛዋ ከበቡሽ አብራት ስለነበረች አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል አስተኟት፤ ልብ ነው አሉ። አባቴ እንደ ደንቡ ደረሱ። እኔ በዚያ ሳምንት ለሥራ ስልጠና ባልቲሞር ስለነበርኩ የሚቀጥለውን የነገረችኝ ከበቡሽ ናት።

የመጀመሪያው ቀን የታማሚዋ ቃል ግልጽ ነበር። «ይገዙ እንዳይሰማ። ውሃ ላይ ነው፣ ደንግጦ ይወድቅብኛል። ቅዳሜ ይመጣ የለ» አለች። አባቴ ይህን እንደ አደራ ያዙት። ለነገሩ ባትላቸውም አይነግሩትም ነበር። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በባዕድ መሃል ብቻውን ሳለ አይነገርም፤ ቤቱ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። አባቴ በዚህ ሥርዓት ስንቱን ሰው አጽንተዋል፤ በእሳቸው እጅ መርዶ የሰማ ሰው ራሱን አይጎዳም ይባልላቸው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ግን ሐሳቧን ለወጠች። ትንፋሿ እያጠረ ሄደና «ይገዙን ጥሩልኝ» አለች። አባቴ «መጣ፣ መንገድ ላይ ነው» አሏት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች፤ ደግመው መንገድ ላይ ነው አሏት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መርከቧ ተማሪዎች ለመለወጥ ኮሎኒያል ቢች ታሰረች። ወንዙ ዳር ያለች የቨርጂንያ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጋሽ ይገዙ መርከቧን አስሮ ለእህቱ ደወለ። ስልኳ አባቴ እጅ ነበር።

«እትዬስ?» አላቸው።

«ደህና ናት። ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ለቅዳሜ ጉልበት ልሰብስብ ብላ ነው» አሉ አባቴ፤ ሳቅም ጨመሩበት።

እሷ ግን አልተኛችም ነበር። የደወለው ማን እንደሆነ ከአባቴ አነጋገር ገብቷት እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ጮክ ብላ መናገር አቅቷት ስለነበር ጣቶቿን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የደከመ ድምፅዋን ቢሰማ ይደነግጣል ብለው ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህን የምለው አባቴ ስለሆኑ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ተጣልቼ በተገላገልኩ ነበር። ያንገበገበኝ ከልባቸው ማዘናቸው ነው።

መርከቧ ላይ ደግሞ ካፒቴን ሎሬታ የጋሽ ይገዙ ፊት አላማራትም። ቤት ችግር ካለ እዚሁ ውረድ፣ እስከ ቅዳሜ ያለ አንተ እንሠራለን አለችው። ትንሽ አሰበ። ጆሮው ላይ የቀረው የአባቴ ሳቅ ነበር፤ ሰው ታሞ አይሳቅም። «ተኝታለች አሉኝ» አላትና ተመልሶ የመርከቧን ገመድ ፈታ።

እትዬ እታለማሁ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዐረፈች።

አርብ ማታ ከባልቲሞር ስመለስ አባቴና ከበቡሽ ሳሎን ተቀምጠው መርዶው እንዴት እንደሚነገር ሲያሰናዱ አገኘኋቸው። ከበቡሽ ኩሽና ወስዳ ሁሉንም ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። አባቴን አሁንም እኮ አልረፈደም፣ ካፒቴኗ ጋ ኮል አድርገን እንንገራት፣ እሷ ታወርደዋለች አልኳቸው።

«የእናትን ያህል እህት ሞት በስልክ? ያውም በፈረንጅ አፍ?» አሉኝ። «አንቺ እዚህ አገር ብዙ ቆየሽ።»

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ በማግስቱም ሹፌር እኔው ሆንኩ፣ ሰፊ መኪና ያለኝ እኔ ነኛ። አባቴ፣ ከበቡሽና ሁለት የእድር ሰዎች ተሳፍረው ወደ አሌክሳንድሪያ ወረድን። ዕቅዱ እዚያ ምንም ሳይነገረው፣ እትዬ ትንሽ አሟት ቤት ቀርታለች ተብሎ፣ በመኪና ወደ ቤት እንዲወሰድና ዘመድ በተሰበሰበበት መርዶው እንዲነገረው ነበር። አባቴ መንገዱን ሙሉ ማን ምን እንደሚል ሲያስጠኑን ነበር።

ወደቡ ላይ ስንደርስ ገና ጎብኚ አልመጣም። «ኤድና ሃርት» ባንዲራ በባንዲራ ሆና ቀስ እያለች ትጠጋለች። ጋሽ ይገዙ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞ ከፊት ቆሟል። ተማሪዎቹ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ሲያዩ የሱ እንግዶች እንደሆንን ገባቸውና እጃቸውን አውለበለቡልን። ካፒቴኗ ለክብራችን ጥሩምባ ነፋች፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግማ።

እሱ አላውለበለበም። መጀመሪያ እህቱን ፈለጋት፣ ዓይኑ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሄደ። ከዚያ ከበቡሽ ላይ ቆመ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እንደዚያ ለብሳ ስለሰነበተች እኛ ዓይናችን ለምዶት አልነገርናትም። እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት እንደሆነ የሚያውቅ መርከቧ ላይ ከሱ በቀር አልነበረም።

ገመዱ እጁ ላይ ነበር። መርከቧ ደግሞ እየተጠጋች ነው፤ ካልታሰረች ትጋጫለች። ገመዱን ወረወረው። ወረደና የወደቡ ብረት ላይ አሰረ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ሁለተኛውን አሰረ፣ ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ሞከራቸው። ጨርሶ ወደ እኛ መጣና አባቴ ፊት ቆመ።

«መቼ ነው?» አላቸው።

አባቴ ያስጠኑን ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። «ሐሙስ» አሉ። «ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ።»

ከበቡሽ መቋቋም አቃታት። ለቅሶ ላይ አልቃሽ የሟችን የመጨረሻ ቀን እየጠራች ነው የምታነሣሣው፤ የሰማችውን ያየችውን ሁሉ ታወጣለች፣ ማንም ዝም ሊያሰኛት አይችልም። እሷም ደረቷን እየመታች «እቴ እታለሜ፣ ይገዙን ጥሩልኝ ያልሽው፣ ስልኩን ብለሽ እጅሽን የዘረጋሽው፣ ማን ሰማሽ!» እያለች አወረደችው። አባቴ ክንዷን ያዟት፣ አልሆነም። ጋሽ ይገዙ ወገቡ እንደተቆረጠ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ረቡዕ ነው?» አለ። «ስደውል ነው?» ከበቡሽ ለቅሶዋን አበረታች፣ በዚህም አወቀ።

ካፒቴን ሎሬታ ኬኩን እንደያዘች ወርዳ መጣች። ያየችው ነገር ስላልገባት ምን ሆኑ ብላ ጠየቀችው። እህቱ ሐሙስ እንደሞተች፣ ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል እንደነበረች በአጭሩ ነገራት። ኬኩን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና ስትል ፊቷ ቲማቲም መስሏል። አባቴን ፊት ለፊት ተመለከተች፤ ማን ሽማግሌ እንደሆነ ለመለየት ቋንቋ አያስፈልግም።

«ረቡዕ ኮሎኒያል ቢች ነበርን» አለች። «ውረድ ብዬው ነበር። ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ደውሎላችሁ ነበር እኮ! ይገዙ፣ ለምን እንዳልነገሩህ ጠይቅልኝ። እየሞተች ያለች እህቱን ለምን ከለከላችሁት?»

አባቴ እንግሊዝኛቸው ከ«ኖ ፕሮብሌም» አያልፍም። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ትርጉሙን ጠበቁ። ከመካከላችን የገባን ጋሽ ይገዙና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቃል በቃል እንዲነግራቸው ልቤ ቋምጦ ነበር።

ጋሽ ይገዙ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ነፍስ ይማር ትላለች» አላቸው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ብቻውን ስላልተዋችሁት አመሰግናለሁ ትላለች።»

አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለካፒቴኗ ጎንበስ አሉ። «እግዜር ይስጥልን በላት። ፈረንጅ ሆና እንዲህ ታዝናለች?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እሷ ግን መልሷን እየጠበቀች ነበር። ወደሷ ዞሮ «ፈርተውልኝ ነው» አላት። «ውሃ ላይ ስለነበርኩ።»

እህቱን ቀበረ፣ አርባውን አወጣ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ያኔ ብዙ ሰው እንዴት ተመልሶ ያችን መርከብ ያያታል ብሎ አማ። መርከቧ በ2014 አርጅታ ከሥራ ስትወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ካፒቴን ሎሬታ በመሰናበቻው ቀን እንደነገረችኝ፣ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ኮሎኒያል ቢች ሲደርሱ ገመዱን ሌላ ሰው እንዲወረውር ይለምን ነበር። እሱ ታች ሞተር ክፍል ይወርዳል፤ መርከቧ ተነሥታ እስክትርቅም አይወጣም።

ከመሰናበቻው በኋላ እኛ ቤት ትንሽ ምሳ አደረግንለት። አባቴ ያኔ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ጨዋታቸው ግን እንዳለ ነው። እንግዳው ሲሰበሰብ የሚወዷትን ወሬ ጀመሩ። ያቺ ካፒቴን አሌክሳንድሪያ ወደብ ላይ እንዴት እንዳጽናናቻቸው፣ በሥርዓታችን እንዴት እንደተገረመች፣ የኛን ወግ ፈረንጅ እንኳ እንዳከበረው ተረኩ። ስድስት ዓመት በየለቅሶ ቤቱ ሲያወሯት ሰምቻታለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ወደ ጋሽ ይገዙ ዞሩ።

«አላለችም እንዴ ይገዙ?»

«ብላለች፣ አባባ» አለ።

ያን ቀን አልቻልኩም። ውሃ ሊቀዳ ወደ ኩሽና ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። እስከ መቼ ነው? አልኩት። ምን እንዳደረጉህ አያውቁም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት።

ብርጭቆውን አለቀለቀ።

«አባትሽ አርጅተዋል» አለኝ። «የእጇን ነገር እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ለሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? አንድ ሰው ይዞታል፣ ይበቃል።»

ብርጭቆውን ሞላና ለአባቴ ወስዶ ሰጣቸው።